የጃንጥላው ዛፍ ማሰሮ

ማሰሮው ውስጥ ወርቅ አልነበረም። ይህን ያህል ዘመን ዝም ያልኩት የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ የምደብቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም። ባለፈው ዓመት የባሌ እህት አርፋ ድንኳን ተተክሎ ስንቀመጥ፣ ከኋላዬ የነበሩ ሴቶች «ያን ጊዜ ከማሰሮው ያወጡት ነው ይህን ቤት ያቆመላቸው» ሲባባሉ ሰማሁ። ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። የሞተ ሰው አይወቀስም ይላሉ። እኔ ግን በሕይወት እያለሁ ስወቀስ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ የሆነውን እጽፈዋለሁ።

ባሌ መካነ ሰላም ውስጥ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። አለቃው ከአዲስ አበባ የመጣ ሹም ነው። የሹሙ ሚስት በላንድሮቨር አስጭና ያመጣችው አንድ ተክል ነበራት። ግንዱ አውራ ጣት የሚያክል ሆኖ ከየቅርንጫፉ ጫፍ ሰባት ስምንት ቅጠል እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን ይዘረጋል። እሷ የጃንጥላ ዛፍ ትለዋለች፤ እኛ ጃንጥላው እንለው ነበር። አይበላም፤ ለመድኃኒትም አይሆንም። የሞቃት አገር ተክል ስለሆነ ብርዳችንን አይችልም፤ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው።

አብዮቱ መጥቶ ሹሞች እየተጠሩ መታሰር ሲጀምሩ ባልና ሚስቱ አንድ ጠዋት ዕቃቸውን ጭነው ተነሡ። ሴትዮዋ ተክሉን ከነማሰሮው አሸክማ ደጄ ላይ ቆመች።

«አደራ፤ ስመለስ እወስደዋለሁ» አለችኝ።

ከዚያ እጄን ይዛ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተተችው። «እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ካልሆነ እንዳታጠጪው። ይህን የሚገድለው ጥም አይደለም፤ ውሃ ነው።»

አልወደድኳትም ነበር። ባሌን እንደ ሎሌ ነበር የምትልከው። ግን ሰማይ ሩቅ አደራ ጥብቅ ነውና ተቀበልኳት። ተክሉን ብርሃን ከሚያገኝበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ ከማይመታው መስኮት አጠገብ አኖርኩት። ሲመሽ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እንዳያገኘው ወደ ውስጥ እስበዋለሁ። በየሳምንቱ ወደ አንድ ወገን እንዳይዘም አዞረዋለሁ፤ አቧራውንም ቅጠል በቅጠል በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ማጠጣት ግን በጣቴ ሳልለካ አላደረግሁትም።

የባሌ እህት ያን ጊዜ ከእኛ ጋር ከተቀመጠች አንድ ዓመት ሊሆናት ነው። በረሃቡ ጊዜ ከአጅባር በታች ካለው ቆላ በእግሯ ነው የመጣችው። ባሏን እዚያው ቀብራው፣ ሁለት ልጆቿን ደግሞ መንገድ ላይ። የእሷና የባሌ እናት ቀድማ ስለሞተች ባሌን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እኔ እትዬ እያልኩ አንቱ እላታለሁ፤ እሷ ሙሽሪት ትለኛለች።

ተክሉ በመጣ በሦስተኛው ቀን ሳጠጣው ውሃው በማሰሮው ሥር ባለው ቀዳዳ ወጥቶ ሳህኑ ላይ ተንጠባጠበ።

«ሙሽሪት፣ ማሰሮሽ ያፈሳል» አለችኝ።

«ያፍስስ።»

«ያ ረቢ፤ ውሃ እኮ ነው።»

ቀዳዳው ለምን እንደተተወ ማስረዳት ሁለት ቃል ይበቃው ነበር። ግን በገዛ ቤቴ የወጡን ጨው የምትመጥነው እሷ ናት። ባሌ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያናግረው እሷን ነው። ይህ ተክል እንኳ የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈለግሁ። ዝም አልኩ።

ዓመት ሲሞላው ቅጠሉ መልኩን ይለውጥ ጀመር። በመጀመሪያ የታችኞቹ ቢጫ ሆኑ፤ ከዚያ የላይኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ጣቴን ስከት አፈሩ ደረቅ ነው፤ ትንሽ አጠጣዋለሁ፤ ይብስበታል። ብርዱ ይሆናል ብዬ ከመስኮቱ አራቅሁት። አልተሻለውም። ሴትዮዋ ትመለሳለች ብዬ ማሰብ ትቼ ነበር፤ ቢሆንም ከመጣች ምን እላታለሁ የሚለው ያስጨንቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ቀድሜ ብመለስ የባሌ እህት ማሰሮው አጠገብ ተንበርክካ በጣሳ ታጠጣዋለች። «አብሽር፣ አብሽር» ትለዋለች፤ ልቅሶ ቤት ሰው እንደምናጽናና ዓይነት።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ጠምቶታል። አንገቱን ደፍቶ አታዪውም?»

«የሚገድሉት እርስዎ ኖት ለካ። ውሃ ነው የሚገድለው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ውሃ ያጣ ነው ሲሞት ያየሁት» አለች። «ውሃ ያገኘ ሲሞት አላየሁም።»

ከዚያ በኋላ እኔ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ስለ ልጆቿ ነው። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ቀኑን በሙሉ ከጎረቤት ዋለች። ያቺ ጎረቤት የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ኃላፊ ነበረች። ምን እንደተጫወቱ አላውቅም። በክፋት ነው አልልም፤ በክፋት አይደለም ብዬም አልምልም። ብቻ ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ጠባቂዎች መጥተው ባሌን ከምሳ ላይ አንሥተው ወሰዱት። የሸሸ ሹም ንብረት በአደራ ተቀብሎ ደብቋል ተባለ።

ያሰሩት የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ነው፤ ወለሉ ድንጋይ ነው። ባሌ ደረቱን ያመዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሳሉ እስከ አጥሩ ድረስ ይሰማ ጀመር። ዓርብ ዕለት ደግሞ ሰኞ ጠዋት የጭነት መኪና እንደሚመጣና እስረኞቹን ወደ ደሴ እንደሚወስድ ሰማን። ከእኛ ሰፈር ወደ ደሴ ከተወሰዱት የተመለሰ ሰው እስከዚያ ቀን አላየንም ነበር።

ቅዳሜ የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘንድ ሄድኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ማመልከቻውን ባሌ ይጽፍለት የነበረ ሰው ነው።

«አደራውን አምጪ፣ ባልሽን ውሰጂ» አለኝ።

«አደራው አንድ ተክል ነው።»

«ጠመንጃውንና ምንጣፉን ጭኖ ለእናንተ ቅጠል ተወላችሁ?»

«አዎ።»

«እሺ፣ አምጪዋ። ጥላው ሥር ቁጭ ብለን እንሰበሰብበታለን።»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። እኔም እንደምንም ፈገግ አልኩ፤ እስካሁን የሚያናድደኝ ያ ፈገግታ ነው።

እሑድ ረፋድ ላይ ማሰሮውን በአንድ በኩል እኔ በሌላው እትዬ ይዘን ወሰድነው። ማሰሮው ከመጠን በላይ ከበደኝ፤ ደረቅ አፈር እንዲህ እንደማይከብድ አውቃለሁ። ቀበሌው ግቢ ስንደርስ ባሌን አውጥተው ብርድ ልብስ እንደተከናነበ በር ላይ አቆሙት። ከንፈሩ ደርቋል።

ሊቀ መንበሩ ማሰሮውን በጎኑ አስተኝቶ ሥሩን አየ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካካው።

«ይሄ ምንድነው?»

ሰም ነው። ሰምና አመድ ተለውሶ ቀዳዳው ላይ ተመርጓል፤ ዳር ዳሩ በአውራ ጣት ተጠቅጥቆ ተስተካክሏል። እትዬ የተሰነጠቀ እንስራ ስትጠግን እንዲሁ ነው የምታደርገው። ባየሁት ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። የሚያፈስ ማሰሮ መስሏት ደፍናዋለች። ሳህኑ ላይ ውሃ መንጠባጠብ ያቆመው ትንሽ ስለማጠጣ መስሎኝ ነበር። ያጠጣነው ውሃ ሁሉ፣ የእኔም የእሷም፣ ዓመት ሙሉ ታች ተጠራቅሞ ቆይቷል። ከላይ ጣቴ የሚደርስበት ደረቅ፣ ከሥር ረግረግ።

«የደፈነ ሰው የሚደብቀው አለው» አለ ሊቀ መንበሩ።

ሰሙን በሳንጃ ፈነቀለው። ጥቁር ውሃ ፈስሶ ጫማውን አለበሰው፤ ሽታው ሁሉንም ወደ ኋላ መለሰ። ማሰሮውን በድንጋይ ሰበሩት። ጭቃውን በእጃቸው ፈተሹ። ከበሰበሰ ሥር በቀር ምንም የለም። አንዱ ጠባቂ እጁን እያራገፈ «ቀድመው አውጥተውታል» አለ። እስከ ዛሬ የሚወራብኝ ወሬ ከዚህ ሰው አፍ ነው የወጣው።

«ማን ነው የደፈነው?» አለ ሊቀ መንበሩ። «የደፈነው ሰው ያለውን እስኪያወጣ እዚህ ይቀራል። ጸሐፊው ወደ ቤቱ ይሂድ።»

የባሌ እህት ከኋላዬ ቆማለች። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ቃል አልወጣትም። እኔም ጥቂት ጠበቅሁ።

ደግነት ነው እንዳትሉኝ። እሷ ናት ብል ባሌ ያሳደገችውን እህቱን ጥሎ ከዚያ በር አይወጣም። እኔ ነኝ የደፈንኩት ይላል፤ ሰኞም መኪናው ላይ ይወጣል። ከሦስታችን ቢጠራ እሱን የሚያስወጣው ስም የእኔ ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ባሌ አየኝ። ማመኑን ከዓይኑ አወቅሁት።

ሰኞ መኪናው ያለ እሱ ሄደ፤ እሱ ቤቱ ነበር። እኔን ዘጠኝ ቀን አቆዩኝ። ጠዋትና ማታ ወርቁ የት እንደሄደ ይጠይቁኛል፤ አልነበረም እላለሁ። እትዬ በየቀኑ ምግብ ይዛ አጥሩ ድረስ ትመጣለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን አቀብላኝ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ቆም አለች።

«ዛፉን አንሥቼ ቤት ወስጄዋለሁ። ምን ላድርገው?»

«ጥቁሩን ሥር ቆርጠው ይጣሉት፤ ነጭ ካገኙ ይተዉት። አሸዋ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር ውስጥ ያድርጉት። የዘይት ቆርቆሮ ፈልገው ሥሩን በምስማር ይብሱት።»

«ደኅናውን ቆርቆሮ?»

«ይብሱት።»

«ውሃው ይወጣላ።»

«እንዲወጣ ነው። ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይታፈናል፤ ከታፈነ ይበሰብሳል።»

አገልግሉን በአጥሩ ክፍተት አሾልካ ሰጠችኝ። እጇን ግን ቶሎ አልመለሰችም።

«ይህን ዛሬ ገና ነገርሽኝ» አለች።

ቆርቆሮውን በሳች፤ ያልኳትን ሁሉ አደረገች። ዛፉም ከሦስት ቅጠል ጋር ተረፈ። እውነቱን ለመናገር ይህን አልክድባትም።

በዘጠነኛው ቀን ሰልችቷቸው ለቀቁኝ። ባሌ ሊወስደኝ መጣ፤ እትዬም አብራው። እሱና እኔ ፊት ፊት፣ እሷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሆነን በገበያው አጠገብ አለፍን። ሳሉ ቀሎለት ነበር። ከገበያው እንዳለፍን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ቀዳዳውን ለምን ደፈንሽው?»

እርምጃዬን አዘገየሁ። እሷ እንደሰማች አውቃለሁ፤ እንደዚያ ካለ ቅርበት የማይሰማ የለም። «እኔ ነኝ» ማለት ይበቃት ነበር፤ ቀበሌው አይሰማ፣ ጠባቂ የለ፣ ከሦስታችን በቀር መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። የእግሯ ኮቴ ሳይዛነፍ ከኋላችን ይመጣል።

«እንዳይፈስ ብዬ» አልኩት።

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ቤት እስክንደርስ እትዬ እንድትናገር ጠበቅኋት።