ለሽሽት የተቀጠረው ሰው

አርሂፕ በፔትሮግራድ የጋሪ ነጂ ነበር። በጠባብ ግቢ ፈረሱን የኋሊት እያስኬደ ጋሪ በማውጣት የሚስተካከለው አልነበረም። ጦርነቱ ሲመጣ መንግሥት ሙያውን አልናቀበትም፤ ብረት ለበስ መኪና ላይ መደበው። ያኔ ብረት ለበስ ማለት ተራ መኪና ላይ የብረት ሣጥን ደፍቶ መትረየስ መሰካት ነው። "አይበገሬ" ብለው በነጭ ቀለም ጻፉባት። ታዲያ ይህች አይበገሬ ሁለት መሪ ነበራት፤ አንዱ ከፊት፣ ለማጥቃት፤ ሌላው ከኋላ፣ ሳይዞሩ ለመሸሽ። የኋላው የአርሂፕ ሆነ።

ወሬው ቀድሞት የትውልድ መንደሩ ገባ። የእጮኛው የፌዶስያ አባት ሳቬሊ አገር እስኪሰማ ሳቁ።

"ለሽሽት የተቀጠረ አማች ምን ያደርግልኛል? ፈሪ ለእናቱ ነው፣ ለልጄ አይደለም! የጊዮርጊስን ኒሻን ደረቱ ላይ ካላየሁ አያገኛትም።"

ጦር ግንባሩ ጋሊሲያ ሲደርሱ መንገዱ ጠባብ፣ ግራ ቀኙ ጭቃ ሆነ። መቶ አለቃው ብልህ ሰው ነበሩ። "በፊቷ ገብተን መዞር ቢያቅተንስ? በኋላዋ እንግባ፤ ከባሰ በፊቷ እንፈተለካለን" ብለው ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ አይበገሬ ጠላት ላይ የምትዘምተው በቂጧ ሆነ። ለማጥቃት የተቀጠረው ካፒቶን ጀርባውን ለጠላት ሰጥቶ የጦሩን ወጥ ቤት ሲያይ ይውላል፤ ለሽሽት የተቀጠረው አርሂፕ በጠባብ ቀዳዳ ከጠላት መትረየስ ጋር ይፋጠጣል።

"አርሂፕ፣ ምን ይታይሃል?"

"ሞቴ። አንተስ?"

"ገንፎው የደረሰ ይመስለኛል።"

አንድ ቀን የጥይት ፍንጣሪ በቀዳዳው ገብቶ የአርሂፕን ጉንጭ ተረተረው። ደሙን እየጠረገ እስከ ምሽጉ ነዳ፤ ጠላትም ምሽጉን ለቆ ሮጠ። ኒሻኑ መጣ። ደንቡ "ለነጂው" ይላል፤ ነጂ ደግሞ የፊቱ ነው፣ የኋላው ረዳት ነው። ካፒቶን ኒሻኑን አጠለቀ። ለአርሂፕ የመኪናዋን ፎቶግራፍ ሰጡት። እሱም ሞኙ፣ ኮርቶ ለሳቬሊ ላከላቸው።

ቁስሉ ሲድን አሮጌ ጋሪውን እየነዳ ግቢያቸው ገባ። ሳቬሊ ፎቶውን ይዘው ከቤቱ በር ላይ ቆመዋል።

"የጥይቱ ምልክት ሁሉ ከኋላዋ ነው፤ ፊቷ እንደ ሙሽራ ጥርት ያለ! ስትሸሹ ነው የከረማችሁት?"

"ሳቬሊ ዬጎሪች፣ እኛ የምንዋጋው የኋሊት እየሄድን ነው።"

"እሰይ! ስትሸሹ ደግሞ ወደ ፊት ነዋ!"

"አዎን" አለ አርሂፕ። እውነት ተናግሮ እንዲህ ያፈረበት ቀን የለም።

ፌዶስያ ከቤት ወጥታ የጉንጩን ጠባሳ በጣቷ ነካችው።

"አባዬ፣ የሚሸሽ ሰው የሚመታው ጉንጩን ነው ወይስ ማጅራቱን?"

"ኒሻኑ የታለ?"

ፌዶስያ ሣጥኗን አምጥታ ጋሪው ላይ ወጣች። ሳቬሊ በሳቅ ፈነዱ።

"ግቢዬ ጋሪ አያዞርም! ፈረሱን ፈትተህ ጋሪውን በእጅህ እስክታዞር ጎረቤቱን ጠርቼ አስይዝሃለሁ!"

አርሂፕ ልጓሙን ሳብ አደረገ። ፈረሱ የኋሊት ተራመደ፤ ጋሪው አጥሩን እንኳ ሳይነካ በግቢው በር ወጣ። ለሽሽት የተቀጠረው ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሸሸ፤ ያውም ዓይኑን ከሳቬሊ ላይ ሳይነቅል።