ሥጋው እስኪያርፍ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው የተጠበሰ ሥጋ እስኪያርፍ ድረስ ብቻ ነበር። ያኔ ውጭ አገር፣ አቢዴል በሚባል ሰፈር በነበረው ቤታችን ቤዝመንቱን የተከራዩት ጋሼ ሀብቶም፣ አዲስ አበባ የተማሩ የአስመራ ሰው፣ ዕድሜያቸውን በትራክ ሹፌርነት የጨረሱ ነበሩ። ጭነት ይዘው እስከ አሜሪካ ደቡብ ሲመላለሱ፣ ጆርጂያ ውስጥ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ካላት አንዲት ሴትዮ ስቴክ የሚባለውን የወፍራም ሥጋ ጥብስና የጎመን አሠራር ተምረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እሑድ እሑድ እኛ ኪችን ወጥተው ይሠሩልን ነበር።

የብረት መጥበሻው እስኪጨስ ይግላል፣ ሥጋው ሲነካው ይንጫጫል፣ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ይከተላል፤ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ የጭሱ አላርም እንዳይጮህ በፎጣ አራግባለሁ። ሴትዮዋ ጎመኑን የምትሠራው በአሳማ ነው፤ እኛ ሙስሊሞች ስለሆንን ጋሼ ሀብቶም በጭስ በደረቀ የተርኪ ዶሮ ሥጋ አደረጉት። ወሎዬዋ እናቴ መጀመሪያ የቀመሰች ቀን፣ ይሄማ የኛው ጎመን ነው፣ ለዚህ ነው እስከ ጆርጂያ የለፉት ብላ ስቃባቸዋለች።

ሥጋው ከመጥበሻው ሲወጣ ቶሎ አይቆረጥም። «ይረፍ» ይሉና የስቶቩን ታይመር ይሞላሉ። የሞተ ነገር ከምን ያርፋል ብዬ ስነዘንዛቸው፣ ከእሳቱ ነዋ አሉኝ። ተረት የሚጀምሩት ያኔ ነው፤ ታይመሩ ሲጮህ ደግሞ ተረቱ የትም ይድረስ ያቆማሉ። በተለይ አንዱ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ዝሆን ለተጠማ ልጁ ውሃ ፍለጋ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ አፉን ሞልቶ ሲመለስ ልጁ አድጎ አያውቀውም፣ «አንተ ማነህ?» ይለዋል። ዝሆኑ እንዳይመልስ አፉ ሙሉ ነው። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ታይመሩ ይጮሃል፤ ብለምን ባለቅስ መጨረሻውን አይነግሩኝም።

አንድ እሑድ ልጃቸው ሰናይት ኤርድሪ ከምትባለው ጎረቤት ከተማ ለእራት ልትመጣ እሺ አለች። እሳቸው መንገድ ላይ ሲኖሩ እናቷ ብቻዋን ያሳደገቻት፣ ለዓመታት ስልካቸውን የማታነሳ ልጅ ናት። ዛሬ ካልሆነ ሁለተኛ አትመጣም ብለው ለእናቴ ነገሯት።

እናቴ ታዲያ ልታግዝ ብላ፣ ሥጋውን ማልዳ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ አጥባ ጠበቀቻቸው። እኛ ቤት ሥጋ ሳይታጠብ እሳት አያይም። ስቴክ ደግሞ ደርቆ ካልገባ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጋሼ ሀብቶም በፎጣ ቢያደርቁት ቢያደርቁት መጥበሻው ላይ ውሃ አወጣና አመድ መሰለ። የዚያን ቀን አላርሙ እንኳን ዝም አለ።

ሰናይት ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። የሥራ ሺፍት አለኝ፣ ብዙ አልቆይም አለች። ሥጋው ወጣ፣ ታይመሩ ተሞላ፣ ቤቱ ጭር አለ። ጭንቅ ሲለኝ፣ የዝሆኑን ይንገሩን አልኩ። ጋሼ ሀብቶም እኔን አይተው፣ እሷን አይተው ጀመሩ። ዝሆኑ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ልጁ ማነህ አለው፤ ታይመሩም ጮኸ። እሳቸው ቢላዋውን አነሱ።

«ከዚያስ?» አለች ሰናይት።

ጋሼ ሀብቶም ታይመሩን አጠፉና ቢላዋውን መልሰው አስቀመጡ።

«አፉን ከፈተና ‹አባትህ ነኝ› አለው።»

«ውሃውስ?»

«ፈሰሰ።»

«ልጁ እኮ ጠምቶታል» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ ልጄ። ባዶውን መምጣት አፍሮ ነው የቆየው። ባዶውንም ቢሆን ቀድሞ መምጣት ነበረበት።»

እናቴ ፊቷን ወደ ጎመኑ አዞረች። ሰናይት ተነስታ ካፖርቷን አወለቀች፣ ወንበሩ ላይ ሰቀለችው፣ ሳህኗንም አቀረበች። ሥጋው ቀዝቅዞ ጎማ ሆኗል፤ አንዳችንም ሳናስተርፍ በላነው።

አሁን ስካይቪው ራንች በሚባል ሰፈር በራሴ ኪችን ስቴክ ስሠራ፣ እናቴ ልታጥበው እጇን ስትሰድ እየቀማኋት አደርቀዋለሁ። እስኪያርፍ ለልጆቼ የዝሆኑን እነግራቸዋለሁ። ጋሼ ሀብቶም መጨረሻውን ድሮም ያውቁት ነበር ወይስ የዚያን ቀን ነው ያገኙት የሚለው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ታይመር ግን አልሞላም።