ማንን ትወዳለች?

አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። በጃንሆይ ጊዜ፣ ሱሉልታ ገበያ ቅቤ ሸጠው ሲመለሱ፣ ከትምህርት ቤት የተዋስኩትን ልቦለድ አነብላቸው ነበር። አዲስ ሴት በታሪኩ ውስጥ በመጣች ቁጥር ያስቆሙኛል።

«የማን ልጅ መሆኗን ተዪው። ማንን ትወዳለች? ምን ትመኛለች? እሱን ሳልሰማ አላውቃትም» ይሉኛል።

አንድ ቀን «የእኔንም ጻፊልኝ፤ ለማንም ያልነገርኩት አለ» አሉኝ።

«ፈተናዬን ልጨርስና እጽፍልዎታለሁ» አልኳቸው።

ፈተናው ሳያልቅ የሳንባ ምች ወሰዳቸው። ለታሪካቸው የገዛሁት ደብተር ባዶውን ቀረ።

ከቀብር መልስ አባቴን፣ «አክስቴ ምን ይመኙ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ታላቅ እህቱ ነበሩ፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። «ራበኝ፣ ልብሴን እጠቢልኝ እያልኳት አደግኩ። ስለ ራሷ ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም» ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።