የሱርማ ቋጠሮ

ሱርማ ባል አግብታ ከመጣችበት ቀን አንስቶ አማቷ ባችኒ አንድ ነገሯን አልወደዱላትም፤ ቋጠሮዋን። «አንቺ ያሰርሻት ላም እስክትዞሪ ተፈትታ ትሄዳለች!» ይሏት ነበር። ሁለቱ ለመሳለም በህንድ አገር ወዳለው የተቀደሰ የያሙና ወንዝ ምንጭ ተራራውን ሽቅብ ሲወጡም አፋቸው አላረፈም።

ከመቅደሱ አጠገብ ፍል ውሃው ይንተከተካል። ተሳላሚ ሁሉ ሩዙን በጨርቅ ቋጥሮ፣ በገመድ አንጠልጥሎ እዚያ ይቀቅልና፣ ለወንዟ አምላክ ለእናት ያሙና ካቀረበ በኋላ በረከቱን ለቤቱ ይዞ ይመለሳል። ሁለቱም የየራሳቸውን አወረዱ። ሱርማ ገመዷን ቀስ ብላ ሳበችው፤ ቋጠሮው አልተፈታም፣ ሩዙም በስሏል። «እፎይ!» አለች። የባችኒ ገመድ ግን ባዶውን ወጣ።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የሚንተከተከውን ውሃ ቃኙ። ሱርማ ቶሎ ብላ ጨርቋን እጃቸው ላይ አኖረችና፣ «እማማ፣ የእርስዎ ይኸው። የሰመጠው የኔ ነው፤ መቼም የኔን ቋጠሮ ያውቁታል» አለች።

ባችኒ ጨርቁን አገላብጠው አዩት። «ውሸታም! እንዲህ ያለ አስቀያሚ ቋጠሮ ካንቺ በቀር ማን ይቋጥራል?» ብለው በሳቅ ፈነዱ። ሱርማም አብራ ሳቀች።

መንደር ሲደርሱ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ባችኒ ለእያንዳንዱ ከሩዙ ቆንጠር እያደረጉ ሲሰጡ፣ «ብሉ፤ ምራቴ የቋጠረችው ነው» አሉ።