ስሙ ያልተጠቀሰው ስፖርተኛ

ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ከኮቱ ሥር የነተበ ማሊያ ለብሷል። የሬዲዮው ጋዜጠኛ ዜና ያነባል፦ «አንድ ስፖርተኛ በማጭበርበር ተጠርጥሮ ተይዟል። ክስ ስላልተመሠረተበት ስሙን ከመጥቀስ እንቆጠባለን።»

«እኔ ልጥቀስላችሁ!» አለ ሰውዬው። «ያ ዝነኛው ሙኒር ነው! ፎንቆ ከተማ ኳስ አብረን ተጫውተናል። አንድ ክለብ ለሙከራ ሁለታችንንም ጠርቶ እሱን ወሰደ። ኳስ እንኳ ማቆም አያውቅም ነበር!» ጉልበቱን እያሻሸ ሳቀ።

ከኋላችን ያለችው ሴት ወዲያው ስልክ ደወለች። «ሰማሽ? ሙኒር ታሰረ!»

ጋዜጠኛው ቀጠለ፦ «ብስክሌተኛው ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ሾፌሩ በመስታወቱ ሰውዬውን አየው። «ሙኒር ብስክሌት መቼ ጀመረ፣ ወንድሜ?»

ሰውዬው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

«ወራጅ አለ» አለ። ሆሳዕና ገና አልደረስንም ነበር።