ሁለት ቢላ ለአንዲት ላም

ደብሪቱ የላሚቱን ግራ ጎን በመዳፏ መታች። እንደ ከበሮ ጮኸ። ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ያለው፣ ሌላ ጊዜ ጎድጎድ የሚለው ቦታ፣ ከጀርባዋ በላይ አብጧል። ላሚቱ አንገቷን ዘርግታ ምላሷን አውጥታለች። ትንፋሿ አጭር ነው።

«መቼ በላች?»

«አንድ ሰዓት ላይ» አለች ኑሪያ። «አልፋልፋ ነው የሰጠኋት።»

«ዝናብ የመታውን?»

ኑሪያ ሻሿን አጠበቀች።

«ሳይጠወልግ አትስጪ ብዬሽ ነበር።»

«ሱቅ ልከፍት ቸኩዬ ነዋ፣ እትዬ!»

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ቦታው ቡሹሎ፣ በከተማው ዳር፣ ከሐይቁ የአሥር ደቂቃ መንገድ። ኑሪያ እዚሁ ከተማ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አላት። ባሏ ጠሀ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው፤ ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ላሚቱ የፈረንጅ ዝርያ የተቀላቀለባት ጥቁርና ነጭ ናት። ኑሪያ ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጇ አብልታ አሳድጋታለች። አሁን የመጀመሪያዋን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ወተቷ ገና ሳይታለብ ለአምስት ጎረቤት ቃል ተገብቷል፤ አንዷ ደብሪቱ ናት።

ደብሪቱ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ቤቷ ከኑሪያ ጋር አጥር ይጋራል። ጥቂት ቤቶች አልፎ ባለው የማኅበር ችግኝ ጣቢያ አቮካዶ ታዳቅላለች። ኑሪያ ስትጮህ የጀመረችውን ችግኝ ጥላ ነው የሮጠችው። ማዳቀያ ሰንጢዋ እንደተከፈተ እጇ ላይ ነበር፤ መንገድ ላይ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

የእንስሳት ሐኪሙ ስልኩን አንስቷል። ሌላ ቀበሌ ከብት እየከተበ ነው፤ በሞተር ቢመጣም አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። «ዘይት አጠጧት። እንዳትተኛ አድርጉ» ብሎ ዘጋ። ከአንድ ጠርሙስ ዘይት አብዛኛውን በጉሮሮዋ አንቆረቆሩላት። ግማሹ በአገጯ ፈሰሰ። ሆዷ አልቀነሰም።

አባይነሽ የምትባል ሌላ ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። «አረቄ ነው መድኃኒቱ! አንድ ብርጭቆ አረቄ ስጧት፣ ታገሳዋለች!»

«ሙስሊም ቤት መጥተሽ አረቄ?» አለች ኑሪያ።

«እትዬ ደብሪቱ ቤትስ አይጠፋም?»

«እኛ ቤት ያለው መዝሙር እንጂ መጠጥ አይደለም» አለች ደብሪቱ፣ ጆሮዋን ከላሚቱ ጎን ሳታነሳ። «ዝም ብለሽ አጥሩን ዝለይና ገመዱን ያዢልን።»

አባይነሽ ዘለለች።

የጠሀ አጎት ሰኢድ በዚህ ጊዜ ደረሱ። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳውን ሥጋ ቤት ውስጥ አሳልፈዋል። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላ ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ላሚቱን አንድ ጊዜ ዞሯትና ጨርቁን ፈቱ።

«ወደ ቂብላ አዙሯት። ላርዳት።»

«ጋሽ ሰኢድ፣ ትንሽ ይታገሱ» አለች ደብሪቱ።

«ምኑን ነው የምታገሰው? አሁን ካረድኳት ሥጋ ነች። ከሞተች በክት ነች። መካከሉ የቀረው ይህን ታህል ነው» አሉና ሁለት ጣታቸውን አቀራርበው አሳዩ።

«ልውጋት። ሆዷ ይተንፍስ።»

«ወግተሻት ከሞተችስ ማን ይበላታል? እኔ አልበላም። አንቺም አትበይም።»

«አልበላም።»

«ታዲያ?»

«ከዳነች ማንም አይበላትም።»

ሰኢድ ወደ ኑሪያ ዞሩ። ኑሪያ ወደ ደብሪቱ አየች። ጠሀ ሩቅ ነው፤ የሚወስን ሌላ ሰው የለም።

«ከዚህ በፊት ወግተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ኑሪያ።

«ሁለቴ። የአማቼ በሬ ዳነ። የአንድ ሰው ጊደር ሞተች።»

«ለምን ሞተች?»

«ባለቤቱ ሰው ሲያማክር ረፈደብን።»

ደብሪቱ ይህን ያለችው ኑሪያን ለመጫን አልነበረም። የሆነው እንደዚያ ነው። እሷ ስለ ቢላ ስትናገር አታጋንንም።

ሁለት ቢላ ነው ያላት። አንዱ ሰንጢው ነው፤ ስለቱ ከትንሽ ጣቷ አይበልጥም፣ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ነው። በእሱ የአገሬውን አቮካዶ ችግኝ ግንድ ትሰነጥቃለች፣ የምርጡን ዝርያ ቀንበጥ እንደ ሽብልቅ ቀርጻ ታስገባለች፣ በፕላስቲክ ጥብጣብ ትጠቀልላለች። በቀን ሁለት መቶ ያህል። ከመቶ ዘጠና ይጸድቅላታል። ሰንጢው ሌላ ነገር አይቆርጥም፤ ገመድ አይነካም፣ ሎሚ አይነካም። በየሃያ ችግኙ በአልኮል ይታበሳል። ጣቢያው ውስጥ አንድ ባለሙያ ብርቱካን ሊልጥበት አንስቶት ያውቃል። ደብሪቱ ከእጁ ነጠቀችውና ብርቱካኑን በጥርሷ ልጣ ሰጠችው።

ሌላው ቢላ አይታጠፍም። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፤ ከክንድ ያጥራል፣ ከስንዝር ይረዝማል። እጀታው ወይራ ነው፤ ማኅደሩን ከአሮጌ ጫማ ቆዳ ራሷ ሰፍታዋለች። ከባድ ሥራው ሁሉ የእሱ ነው፦ የእንሰት ቅጠል መቁረጥ፣ ሸምበቆ መሰንጠቅ፣ ሣር ማጨድ፣ ጆንያ መቅደድ፣ ዱባ መክፈል። ሁልጊዜ ማታ ከእራት በፊት ሁለቱን በየተራቸው በእርጥብ ድንጋይ ትስላለች። ስለታቸውን የምትፈትነው ግራ ክንዷን በመላጨት ነው፤ እዚያ ቦታ ጸጉር የላትም።

ባሏ ደምሴ ባህል አዳራሽ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። ከሥራ ሲመለስ ድንጋዩ ላይ አጎንብሳ ያገኛታል።

«ከእኔ ይልቅ እነሱን ነው የምትወጂው» ይላል።

«እነሱ ሲሳሉ ይሻሻላሉ» ትለዋለች።

በቀኝ ሌባ ጣቷ ላይ ጠባሳ አለ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች በሰንጢ የጥድ ቅርንጫፍ ልትወጋ ገፋችው፤ ስለቱ ጣቷ ላይ ታጠፈ። ከዚያ ወዲህ ሰንጢ ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋት አታነሳም።

ስለዚህ አሁን ኪሷ ውስጥ ያለው አይጠቅማትም።

ኑሪያ የወሰነችው ላሚቱ በጉልበቷ ለመውረድ ስትሞክር ነው። በመውጋትና በማረድ መካከል ቆማ መምረጥ አልፈለገችም፤ ሁለቱንም ያዘች።

«እትዬ ትውጋት። እርስዎ ደግሞ አንገቷ ጋ ይቁሙ፣ ጋሽ ሰኢድ። ከወደቀች ያርዷታል። ከቆመች ይተዋታል።»

«እኔ ተረኛ ልሁን?» አሉ ሰኢድ።

«አዎ፣ ተረኛ ነዎት» አለች ደብሪቱ፤ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ከጓዳ በር ጀርባ የተሰቀለውን ቢላ ይዛ ተመለሰች። ሰኢድ እጃቸውን ዘረጉ። ደብሪቱ አልሰጠቻቸውም፤ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ቢላ ከእጅ ወደ እጅ አትሰጥም። እሳቸው አነሱትና በአውራ ጣታቸው ስለቱን አቋርጠው ነኩት።

«ማን ሳለው?»

«እኔ።»

«እህ» አሉ ሰኢድ። ሥጋ ቤት በሠሩበት ሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ለስንት ሰው እንዳሉ አይታወቅም። ቢላውን ድንጋዩ ላይ መለሱት።

ደብሪቱ ከቀሚሷ ኪስ አንዲት የአልኮል ብልቃጥ አወጣች። አባይነሽ ዓይኗ ፈጠጠ።

«የለም ስትዪን አልነበር?»

«ይሄ የቢላ ነው። አፍሽን ዝጊ፣ ገመዱን አጥብቂ።»

ስለቱን አጠበች። የላሚቱን ጎን አጠበች። ከዚያ ለካች፦ አንድ እጇን ዳሌ አጥንቱ ላይ፣ ሌላውን መጨረሻው ጎድን ላይ አድርጋ፣ መካከሉን አገኘች። ከወገብ አጥንቱ አንድ መዳፍ ዝቅ አለች። የቢላውን ጫፍ ወደ ታችና ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ የፊት እግሯ አቅጣጫ አዞረች። አባይነሽ ገመዱን ግንድ ላይ ጠምጥማ ይዛለች። ኑሪያ ጭራዋን ይዛለች። ሰኢድ አንገቷ ጋ ቢላቸውን ወደ ታች አድርገው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«በአንዴ ነው» አለች ደብሪቱ። ለራሷ ይሁን ለላሚቱ አልለየም።

ወጋች። ቆዳው ወፍራም ነው፤ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ በድንገት ለቀቀ። ስለቱ እስከ እጀታው ገባ።

አየር አልወጣም።

አረንጓዴ አረፋ ብቻ በስለቱ ዙሪያ ፈላ። እርጥብ አልፋልፋ የሚነፋው እንደዚህ ነው፤ አየሩ ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ላሚቱ አቃሰተች። የፊት ጉልበቶቿ ታጠፉ።

«ወደቀች!» አለች አባይነሽ።

ሰኢድ በግራ እጃቸው መንጋጋዋን ቀና አደረጉ። ቢላው አንገቷ ላይ ያለውን ጸጉር ነካ። «ቢስ—»

«ይቆዩ! ይቆዩ ጋሽ ሰኢድ!»

ቆሙ።

ደብሪቱ ቢላውን ሳታወጣ ሩብ ዙር ጠመዘዘችው። ቀዳዳው ሰፋ። ሁለት ጣቷን በስለቱ ጎን አስገብታ ጨጓራውን ከቆዳው ጋር አጣብቃ ያዘች፤ ከዚያ ቢላውን መዘዘች። አረፋው እንደ ተከፈተ ቧንቧ ተተኮሰ። የኑሪያን ሻሽ መታ፣ የደብሪቱን ፊት መታ፣ ከግድግዳው ነጥሮ የሰኢድን ጀለቢያ ከደረት እስከ ጉልበት አረንጓዴ አደረገው። ከኋላው አየሩ መጣ፤ ድምፁ ረጅም ነበር፣ ሽታው ከዚያ የባሰ።

«አቤት አምላኬ!» ብላ አባይነሽ አፍንጫዋን ያዘች። ገመዱን ግን አልለቀቀችም።

ደብሪቱ የተረፈውን ዘይት በቀዳዳው አፈሰሰች። ጣቷን አላወጣችም። ክንዷ እስኪደነዝዝ እዚያው ቆመች። ጎኑ ቀስ በቀስ ወረደ። ላሚቱ አንድ እግሯን አስተካክላ ቆመች፣ ከዚያ ሌላውን። አንድ ትልቅ ግሳት አገሳች። አፏን ዘጋች። ሰኢድ መንጋጋዋን ለቀቁ።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ጀለቢያቸውን አዩ፣ ቢላቸውን አዩ።

«ይሄ ቢላ ከጨርቅ ወጥቶ ደረቁን ሲመለስ ዛሬ የመጀመሪያው ነው» አሉ።

«ጀለቢያዎ ግን ደረቅ አይደለም» አለች ደብሪቱ።

«አንቺ ታጥቢዋለሽ።»

«ኑሪያ ታጥበዋለች። አልፋልፋው የእሷ ነው።»

ኑሪያ ጭራውን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አረፋው ፊቷን ስለሸፈነው አልታየም። «አጥባለሁ» አለች። «የሁላችሁንም አጥባለሁ።»

ሐኪሙ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደረሰ። ቁስሉን አጠበ፣ ጨጓራውንና ቆዳውን ለየብቻ ሰፋ፣ መርፌ ወጋ። ማን እንደወጋት ጠየቀ። ነገሩት።

«ሁለት ጣት ወደ ላይ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ።

«በሚቀጥለው አንተ ቀድመህ ና» አለችው ደብሪቱ።

ሐኪሙ ሳቀ፣ ሜትሩን ዘርግቶ የቁስሉን ርዝመት ለካ፣ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ለአሥር ቀን ድርቆሽ ብቻ እንድትበላ አዘዘ። ኑሪያ የቀረውን አልፋልፋ ጣራው ላይ አሰጣችው።

ደብሪቱ እጇን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥባ ወደ ችግኝ ጣቢያው ተመለሰች። ጥላው የሄደችው ቀንበጥ ደርቆ ነበር፤ ሌላ ቆረጠች። ሽታው ግን እጇ ላይ ስለቀረ ባልደረቦቿ በምሳ ሰዓት ከእሷ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሰፊ ጥላ ብቻዋን አገኘች። እግሯን ዘርግታ በላች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል መጣ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መቶ አርባ ችግኝ አዳቀለች። ሌላ ቀን ቢሆን ቅር ይላት ነበር።

ማታ ለደምሴ ነገረችው። ድንጋዩን አርጥባ ትልቁን ቢላ እየሳለች ነው የነገረችው።

«ሞታ ቢሆንስ?» አላት።

«ሰኢድ ነበሩ።»

«እሳቸው ባይደርሱስ?»

ክንዷ ላይ ሞከረችው። የሚላጭ ጸጉር ስላልነበረ በደምሴ ክንድ ላይ ልትሞክር እጇን ዘረጋች። ደምሴ ክንዱን ሰበሰበ።

ቁስሉ በአሥራ ሰባት ቀን ደረቀ። ላሚቱ በሚያዝያ አጋማሽ ወለደች፤ ጥጃው ወንድ ነው።