ውሃው የሸሸ ሐይቅ

ዛሬ ደባርቅ ገበያ ውስጥ ነፋስ ከአንዲት ጨው ሻጭ መደብ ላይ ብናኝ አንሥቶ ከንፈሬ ላይ አሳረፈው። በላስሁት ጊዜ አባቴ ከአዋሽ ቆላ የተመለሰበት ቀን ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ዳባት ነበር፤ እኔም ለአቅመ ሔዋን ደርሼ ነበር። አባቴ በየበጋው አዋሽ እየወረደ ለጥጥ እርሻ ቦይ ይቆፍር ነበር። በዚያ ዓመት ግን ዐይኑ ቀልቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሥራው ሳያልቅ መጣ።

«ምነው ቶሎ መጡ?» አለችው እናቴ።

«ወንዙ የሚያልቅበትን ሐይቅ አይቼ መጣሁ» አላት። «ውሃው ጨው ነው፤ ሆኖም ሰዉ በዳሩ በሚበቅለው ሣር ከብት ያረባ ነበር። አንድ የአፋር ሽማግሌ በልጅነቱ የዋኘበትን ቦታ አሳየኝ። እዚያ ቆመን ውሃው በሩቁ እንኳ አይታይም። ነፋስ ሲነሣ የጨው አቧራ የሕፃናቱን ዐይን ያሳምማል። ወንዙን ጠልፈን ያስቀረነው እኛ ነን። ከእንግዲህ ዶማዬ ያን መሬት አይነካም።»

«ልጆቹስ ምን ይበላሉ?»

«እዚሁ የሰው ማሳ ቆፍሬ አበላቸዋለሁ።»

 በማግስቱ ማለዳ እናቴ ሁለት ዶማ ይዛ ከቤት ወጣች፤ አንዱን ለእርሱ፣ አንዱን ለራሷ። በዚያ ክረምት ብዙ ቀን ቆሎ ቆርጥመን አድረናል፤ አባቴ ግን ዳግመኛ አዋሽ አልወረደም።

እኔም ከቆላ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ ሐይቁ እጠይቃለሁ። ጥጡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ወንዙ እስከሚያልቅበት የሄደ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።